ስለ አፍሪካ ሀብት ለሚጽፍ ልጅ አያቱ ምን ይንገሩት?

ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይዘዋቸው ከሚመጡ የድርሰት ርዕሶች አንዱ «የአፍሪካ የተፈጥሮ ሀብትና ልማት» የሚለው ነው። በትምህርት ቤት ክበባትም ሆነ የተለያዩ ድርጅቶች ለወጣቶች በሚያዘጋጁት የጽሑፍ ውድድር ይኸው ርዕስ አባባሉን እየቀያየረ ይመላለሳል። ርዕሱ ቤት ሲገባ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጁ ስልክ ይከፍታል። «አፍሪካ በተፈጥሮ ሀብት የታደለች አህጉር ናት፤ ወርቅ፣ አልማዝ፣ ነዳጅ...» እያለ ሁለት ገጽ ይሞላል። መጨረሻው ላይ «ስለዚህ ሀብታችንን በአግባቡ መጠቀም አለብን» ብሎ ይዘጋል። ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን የትም አገር የሚኖር ማንኛውም ልጅ ሊጽፈው የሚችለው ነው። የጻፈውም ልጅ ከድርሰቱ የተማረው ነገር የለም።

በእኔ እምነት ችግሩ የልጁ ስንፍና አይደለም። ርዕሱ ሰፊ ነው፤ ልጁ ደግሞ ሀብት ሲባል ሩቅ አገር፣ ከመሬት በታች የተቀበረ ነገር ይመስለዋል። እኔ በነርስነት ካገለገልኩባቸው ዓመታት ብዙዎቹን ያሳለፍኩት በጎንደር ቆላ፣ በመተማና በአካባቢው ነው። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ የልጆችን የቤት ሥራ ስመለከት የማስበው አንድ ነገር ነው። የአፍሪካን ሀብት ጥያቄ ከሥሩ ለመረዳት መተማ ይበቃል። አንድ ሀብት ከመሬቱ ተነስቶ ገበያ እስኪደርስ መከተል፣ በየመንገዱም «ማን ተጠቀመ? ማን ከፈለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልሱ ያለው ደግሞ ስልኩ ውስጥ ሳይሆን በዕድሜ የገፋነው ሰዎች ዘንድ ነው።

ርዕሱ ሩቅ፣ መልሱ ቅርብ

የዓለም ፖስታ ኅብረት ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆኑ ልጆችን በደብዳቤ አጻጻፍ ሲያወዳድር ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2017 ዓ.ም. የቀረበው ጥያቄ «ውቅያኖስ እንደሆናችሁ አስቡና ለአንድ ሰው ለምንና እንዴት ሊንከባከባችሁ እንደሚገባ ጻፉ» የሚል ነበር። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ የገንዳ ውኃ ወይም የኮኪት ልጅ ውቅያኖስ አይቶ አያውቅም። የሽንፋን ወንዝ ግን ያውቃል። በክረምት እንዴት እንደሚያስፈራ፣ በበጋ ደግሞ እንዴት ቀጥኖ ኩሬ ኩሬ እንደሚሆን ያውቃል።

ስለዚሁ ስለ ሽንፋ ወንዝ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ ትልቅ ጥናት ታትሞ ነበር። ተመራማሪዎች በወንዙ ዳር፣ በመተማ አካባቢ ቆፍረው ከ74 ሺህ ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎችን አሻራ አገኙ። ጊዜው ቶባ የተባለው የኢንዶኔዥያ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ነው፤ የፍንዳታው ብናኝ እስከ መተማ ደርሶ በአፈሩ ውስጥ ተገኝቷል። አየሩ ደርቆ ወንዙ ወደ ኩሬነት ሲለወጥ እነዚያ ሰዎች አልጠፉም። ከኩሬው ዓሣ እያጠመዱ፣ አውሬ እያደኑ ክፉውን ዘመን አለፉት። እንግዲህ ስለ ሰው ልጅና ስለ ተፈጥሮ ሀብት መጻፍ ለሚፈልግ ልጅ ከዚህ የቀረበ መነሻ ከየት ይገኛል? መተማ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የወደቁበትን ጦርነት ነው። ያም ታሪክ ነው፤ ነገር ግን መሬቱ ሌላም የሚያስተምረን አለው።

ዕጣን፤ የዛፉ ቁስል

ቡና ስናፈላ የምናጨሰው፣ በቤተ ክርስቲያን በጽና የሚታጠነው ነጭ ዕጣን ከምን እንደሚገኝ ልጆቻችሁን ጠይቁ። ብዙዎቹ «ከሱቅ» ይላሉ። የዕጣን ዛፍ በመተማና በቋራ፣ በትግራይ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ እንዲሁም ከድንበሩ ማዶ በሱዳን ደረቅ ኮረብታዎች ላይ ይበቅላል። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ የደረቀ ይመስላል። ዕጣኑ የሚለቀመውም በዚያው ወቅት ነው። ሠራተኛው የግንዱን ቅርፊት በስለት ላጥ ያደርገዋል፤ ከቁስሉ ነጭ ፈሳሽ ይወጣል፤ ፈሳሹ ሲደርቅ ይለቀማል፤ ከዚያም ቁስሉ እንደገና ይታደሳል። ክረምት እስኪገባ ይህ ደጋግሞ ይደረጋል። በሙያዬ ብዙ ቁስል አይቻለሁና ነገሩን ለልጆች የምነግራቸው እንዲህ ብዬ ነው፦ ዕጣን ማለት ዛፉ ቁስሉን ለመሸፈን የሚያወጣው መድኃኒት ነው። ሰው ቁስሉ ሳይጠግግ ቢነካካ እንደሚከፋበት ሁሉ፣ ዕረፍት የማይሰጠው ዛፍም ይዳከማል፤ የሚያፈራውም ዘር ደካማ ይሆናል።

ተመራማሪዎች መተማ ላይ ዛፎቹን እየቆጠሩና እየለኩ ባደረጉትና በ2004 ዓ.ም. በወጣ ጥናት፣ የአያያዙ ሁኔታ ካልተለወጠ የዕጣን ምርት በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቀው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ሰፋ ያለ ጥናትም በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል ብሏል። ምክንያቱ መቁሰሉ ብቻ አይደለም። ጥናት ከተደረገባቸው ቦታዎች በአብዛኞቹ ወጣት ዛፍ የለም። ችግኙ ይበቅላል፤ ግን ወይ ከብት ይግጠዋል ወይ የበጋ እሳት ይበላዋል። የቆመውን ትልቅ ዛፍ ደግሞ ግንድ የሚቦረቡር ጢንዚዛ ይጥለዋል። በዚህ ላይ ለእርሻ የሚመነጠረው አለ። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ከደጋው ብዙ ቤተሰብ ወደ መተማና ቋራ ሲሰፍር ብዙ ደን ማሳ ሆኗል።

እዚህ ላይ ልጆቻችን ማሰብ ያለባቸው ጉዳይ አለ። ሰፋሪው ገበሬ ክፉ ሰው አይደለም። ደጋ ላይ መሬቱ አልቆበት፣ ልጆቹን ሊያበላ የመጣ አባወራ ነው። ዛፉም ጥፋት የለበትም። ሁለቱ እንዴት አብረው ይኑሩ የሚለው ነው ጥያቄው። «ደን መጨፍጨፍ መጥፎ ነው» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። «የዚያ አባወራ ልጅ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ብሎ መጻፍ ግን ልጁን ያሳድገዋል።

ሰሊጥ ልከን ዘይት እንገዛለን

ከዕጣኑ ቀጥሎ የቆላው ትልቅ ሀብት ሰሊጥ ነው። ከቡና ቀጥሎ የአገራችን የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ተብለው ከሚጠሩት አንዱ ይኸው ነው። በሰኔና በሐምሌ ይዘራል፤ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ይታጨዳል። የሰሊጥ አስቸጋሪው ጠባይ ሲደርስ አለመጠበቁ ነው። ቆባው ከደረቀ አፉን ይከፍትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መታጨድ አለበት። በእነዚያ ሳምንታት ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሌላውም አካባቢ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ ይወርዳል። ከእነሱ መካከል ትምህርቱን አቋርጦ የመጣ ታዳጊ አለ። ለደብተርና ለዩኒፎርም መግዣ ብሎ የመጣም አለ።

ሰሊጡ በአብዛኛው ሳይጨመቅ፣ ሳይፈጭ፣ በጥሬው ወደ ቻይና፣ እስራኤልና ሌሎች አገሮች ይላካል። እኛ ደግሞ አብዛኛውን የምግብ ዘይት ከውጭ እንገዛለን። «ለምን እዚሁ ጨምቀን አንበላውም?» ብሎ ልጁ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ትክክል ነው። ወላጁ ግን አብሮት ሒሳቡን ቢያስበው መልካም ነው። የሰሊጥ ዘይት ውድ ነው፤ ከውጭ የሚመጣው የፓልም ዘይት ርካሽ ነው። ሰሊጡን ሸጦ ርካሹን ዘይት መግዛት ያዋጣ ይሆናል። በሌላ በኩል ጥሬውን ስንሸጥ የፋብሪካው ሥራ፣ የእሸጋው ሥራ፣ የስሙም ዋጋ ለሌላ ይተርፋል። ዋጋው በዓለም ገበያ ሲወድቅ ደግሞ የመተማ ገበሬ ምንም ማድረግ አይችልም። ልጁ ሁለቱንም ወገን አይቶ የራሱን ሐሳብ ይጻፍ። ዳኛው የሚፈልገው እሱን ነው።

በሚዛን ላይ የማይወጣው ወጪ

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ። ሰሊጡ በኩንታል ሲመዘን የማይታይ አንድ ወጪ አለ፤ እሱም የሠራተኛው ጤና ነው።

ከደጋ የወረደ ወጣት ወባን የመቋቋም አቅም የለውም። ከወባ ሌላ ደግሞ ካላዛር አለ። ካላዛርን የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ፣ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ነፍሳት ናት። በጥቁር ዋልካ አፈር ስንጥቅ፣ በኩይሳ፣ በግራር ሥር ትውላለች፤ ሌሊት ወጥታ ትነክሳለች። አጫጆቹ የሚያድሩት ደግሞ እዚያው፣ ሜዳ ላይ ወይም በር በሌለው ዳስ ነው። ከእርሻ እርሻ እየተዘዋወሩ እዚያው የሚከርሙት፣ በአካባቢው አጠራር ሳሉግ የሚባሉት ሠራተኞች፣ ዓመቱን ሙሉ ለዚህ የተጋለጡ ናቸው።

ካላዛር ቀስ ብሎ የሚገድል በሽታ ነው። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፤ ሰውየው እየከሳ ይሄዳል፤ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ይወጠራል። ሕክምና ካላገኘ በአብዛኛው ይሞታል። ምልክቱ የሚታየው ከተነከሱ ከወራት በኋላ ስለሆነ፣ ወጣቱ ደመወዙን ይዞ ደጋ ከተመለሰ በኋላ ይታመማል። እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ ወባ መስሎት ደጋግሞ የወባ መድኃኒት ይሰጠዋል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የሆነው ይህ ነበር። መጀመሪያ መድኃኒት የተለማመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ ኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ከሰሊጥ አጨዳ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት አልቀሩም ተብሎ ይታመናል። ሰሊጥ በማይበቅልበት ወረዳ የሰሊጡን ዋጋ ሕፃናት ሳይቀሩ ከፈሉ ማለት ነው።

ሕክምናው ግን አለ። በጣት ደም የሚታይ ፈጣን ምርመራ አለ፤ ለ17 ቀናት በየዕለቱ የሚሰጥ መርፌ አለ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በመተማ ሆስፒታል ብዙዎች ድነዋል። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ ድርሰቱን ለጊዜው ተዉትና ይህን ያዙልኝ። ወደ ቆላ የሄደ ልጅ ካላችሁ አጎበር ይዞ ይሂድ። ከተመለሰ በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት ከያዘው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ባለሙያው ባይጠይቅም እንኳ «ሰሊጥ አጨዳ መተማ ነበር» ብላችሁ ንገሩ። ይህች አንድ ዐረፍተ ነገር ሕይወት ታተርፋለች።

ልጁም በድርሰቱ «ልማት» የሚለውን ቃል ሲጽፍ ይህንን ይጠይቅ። ሰሊጥ ያስገኘው ገንዘብ ለአጫጁ መኝታና አጎበር፣ በእርሻው አጠገብ ለሚሠራ ጤና ኬላ ካልደረሰ ማንን ነው ያለማው?

ሌሎች አገሮችስ?

ልጁ ስለ ራሱ አካባቢ ካወቀ በኋላ ወደ ሌላው አፍሪካ ቢሻገር ያን ጊዜ ንጽጽሩ ይገባዋል። ሁለት ምሳሌ ላንሳ።

አንደኛው ጎረቤታችን ሱዳን ናት። ከግራር ዛፍ የሚለቀመው ሙጫ በብዛት የሚወጣው ከእሷ ነው። ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ ለመሥራት ይፈለጋል። አሜሪካ በ1990 ዓ.ም. በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ስትጥል የግራር ሙጫን ነፃ አድርጋ ነበር፤ ፋብሪካዎቿ ያለ ሙጫው ተቸግረው ነበርና። ከዛፍ የሚንጠባጠብ ሙጫ ይህን ያህል ጉልበት አለው። ሆኖም ሙጫውን የሚለቅመው ሰው ዛሬም ደሃ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሳ በመተማ በኩል የተሻገረውን ስደተኛ ያየ ሰው፣ ሀብት ብቻውን ሰላም እንደማይገዛ ያውቃል።

ሁለተኛዋ ቦትስዋና ናት። ነፃ ስትወጣ በዓለም ከደኸዩት አገሮች አንዷ ነበረች። ወዲያው አልማዝ ተገኘባት። መንግሥቷ ከውጭ ኩባንያው ጋር ተደራድሮ በማዕድን ኩባንያው የግማሽ ድርሻ ባለቤት ሆነ። ገንዘቡን ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ አዋለው። ሎንዶን ይካሄድ የነበረውን የአልማዝ ሽያጭ በ2006 ዓ.ም. ወደ ዋና ከተማዋ ጋቦሮኒ አስመጣች። በሙያዬ የሚገርመኝ ደግሞ ሌላ ነው። ኤች አይ ቪ ሕዝቧን ሲጨርስ፣ ከለጋሾች እርዳታ ጋር የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን ለሕዝቧ በነፃ ለመስጠት በ1994 ዓ.ም. ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ሆነች። ሁሉም ተሟልቶላታል ማለት አይደለም። አሁንም በአልማዝ ብቻ መተማመኗ ያሰጋታል፤ በሀብታምና በድሃ መካከል ያለው ልዩነትም ሰፊ ነው። ቢሆንም ልጆቻችን «አፍሪካ ተዘረፈች» በሚለው ብቻ እንዳይቆሙ ይረዳቸዋል።

ወላጆችና አያቶች ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ድርሰቱን አንጻፍላቸው። ለሽልማት ሲባል አባት የጻፈው ድርሰት ልጁን ማጭበርበር ያስተምረዋል። የእኛ ድርሻ መናገርና መስማት ነው።

ሁለተኛ፣ ልጁ አንድ ነገር ብቻ ይምረጥ። ዕጣን፣ ሰሊጥ፣ ሽመል ወይም የሽንፋ ዓሣ ሊሆን ይችላል። የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክም ጥሩ ርዕስ ነው። ቋራ ውስጥ ሆኖ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል፤ በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች አንበሶች እንዳሉበት ማረጋገጣቸው ዓለምን ያስገረመ ዜና ነበር። አውሬው ድንበር አያውቅም፤ ጥበቃውም የሁለት አገር ጉዳይ ነው። ደጋ ለሚኖር ልጅ ደግሞ የአካባቢው ምንጭ፣ ባሕር ዛፍ ወይም የድንጋይ ካባ ይበቃዋል።

ሦስተኛ፣ ልጁ ደብተር ይዞ ሽማግሌ ይጠይቅ። «አባባ፣ ይህ ሜዳ እርስዎ ልጅ ሳሉ ምን ነበር?» «እማማ፣ ዕጣኑን ድሮ ከየት ነበር የሚያመጡት?» «በዚያ ዘመን ማን ሸጦ ማን አተረፈ?» «ምን ዓይነት ዛፍ ወይም አውሬ ጠፋ?» እኛም ስንመልስ «ድሮ ሁሉ ጥሩ ነበር» ብለን አናልፈው። ያየነውን ለይተን፣ የሰማነውን «ሰምቻለሁ» ብለን እንንገር። በቆላው ከማንም በፊት የኖሩ የጉሙዝ ሽማግሌዎች ስለ ደኑ ብዙ ያውቃሉ፤ የሚቀርባቸው ካለ ከእነሱም ይጠየቅ።

አራተኛ፣ ከሽማግሌ የሰማውን በሌላ ምንጭ ያመሳክር። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ፣ የጤና ጣቢያው ነርስ፣ የትምህርት ቤቱ የጂኦግራፊ መምህር አሉ። ብዙዎቹ ልጅ ጠያቂ ሲመጣባቸው ደስ ይላቸዋል። ስለ ታመመ ሰው የሚጽፍ ልጅ ግን የሰውየውን ስም አይጻፍ፤ ፈቃዱንም ይጠይቅ። ይህ የእኛ የጤና ባለሙያዎች ሕግ ነው፤ ለጸሐፊም ይሠራል።

አምስተኛ፣ ሲጨርስ ጮክ ብሎ ያንብብልን። ያልገባን ቃል ካለ «ይህ ምን ማለት ነው?» እንበለው። አያቱ ያልገባቸው ዐረፍተ ነገር ብዙውን ጊዜ ለራሱ ለልጁም አልገባውም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ውድድር ቀርቶ ክፍል ያጡ ልጆች ብዙ ናቸው። ለእነሱም ቢሆን ይህ ሥራ ከቤት ሳይወጡ ሊሠራ ይችላል። ደብተር፣ እርሳስና የሚያወራ አንድ ሽማግሌ ይበቃል። ሽልማቱ ቢቀር የማንበብና የመጻፍ እጁ አይቦዝንም።

ጥናቱ የዕጣን ምርት በግማሽ ይቀንሳል ያለባቸው 20 ዓመታት መቁጠር ከጀመሩ ቆይተዋል። ዛሬ የ12 ዓመት ልጅ የሆነ ያን ጊዜ የራሱን ቤት የሚመራ ሰው ይሆናል። የዕጣን ዛፉ ችግኝ ከከብትና ከእሳት ተጠብቆ ይደግ አይደግ፣ አጫጁ በአጎበር ይተኛ አይተኛ የሚወስኑት እሱና እኩዮቹ ናቸው። ደብተሩ ከተሞላ በኋላ አትጣሉት። ቀኑን ጻፉበትና ከቤተሰቡ ሰነድ ጋር አስቀምጡት።